ማዳም የሰማችው «እሺ»

ዛሬ ጠዋት ከደጄ ፊት የጋሪ ፈረስ ኮቴ አስፋልቱ ላይ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። ባጃጅ ከተማውን ከወረሰው ወዲህ ብርቅ ድምፅ ነው። ሌላው ሰው ቢሰማው የድሮዋን ድሬዳዋ ያስታውሳል። እኔን ግን አሜሪካን አገር ይወስደኛል፤ ለዚያውም ቤት ሆኖ በሚሄድ መኪና ውስጥ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ድሬዳዋ ይሠራ ለነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ልጁን አሳድግ ነበር። ልጅቷን የተቀበልኳት በአራስነቷ ነው፤ አፏን የፈታችው በአማርኛ፣ እኔ ጀርባ ላይ ሆና ነው። አራት ዓመት ሲሞላት አባቷ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገራቸው አሜሪካ ሊመለሱ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ሚስቱ ማዳም እናቴ ዘንድ መጥታ፣ ልጅቷ አገሩን እስክትለምድ ሦስት ወር ብቻ ስጪኝ ብላ ለመነቻት። እናቴም «አቦ፣ ሦስት ወር ምን አላት» ብላ መረቀችኝ።

ዘመድ ጥየቃ እያሉ በዚያ መኪና አገር ለአገር አዞሩኝ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤትም አለው። የእኔ መኝታ ከሹፌሩ ራስ በላይ ነበር፤ ጣሪያው ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። በድሬ ሙቀት አልጋ ግቢ አውጥቶ ኮከብ እያየ ለተኛ ሰው ያ ሣጥን ነው። ብርድ ስለሆነ መስኮት አይከፈትም፤ ውስጡ ጋዝና የፈላ ወተት ይሸታል። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ሲረግፍ በመስታወት አያለሁ እንጂ ቅጠሉን አልነካውም።

አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ ማዳም አጠገቤ ቆማ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ ሁለት ዓመት እንድቆይላት ጠየቀችኝ። «እሺ» አልኩ። እኛ ዘንድ ለታላቅ እሺ ይባላል፤ ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ነገሩ በኋላ ይታያል። ማዳም ግን አቅፋ ሳመችኝ። የመመለሻ ቲኬቴን እንደምታሰርዝ ለባሏ ስትነግረው ሰማሁ። ፓስፖርቴ ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ጣሪያው ደረቴ ላይ የወረደ መሰለኝ።

በማግስቱ ለሃይማኖታቸው ሲሉ በጥንቱ ሥርዓት የሚኖሩ ፈረንጆች አገር ገባን። ወንዶቹ ጢም አላቸው፣ ሪዝ የላቸውም። ሴቶቹ ቆብ ያጠልቃሉ። መብራት አያስገቡም፣ መኪና አይነዱም። ጥቁር ጋሪ በአጠገባችን ኳ ኳ እያለ ሲያልፍ ልጅቷ «የድሬ ጋሪ» ብላ አጨበጨበች።

መንገድ ዳር አንዲት የእኔ እኩያ ፖም ትሸጥ ነበርና ወረድን። መሐንዲሱ ካሜራውን ሲደግንባት ፊቷን ዞር አድርጋ «አይሆንም» አለች። አልተቆጣችም፣ ምክንያትም አልደረደረችም። ፖሙን መዘነች፣ አንድ ምርቃት ጨመረችበት። ካሜራውን አውርዶ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ለእንግዳ ሰው አይሆንም ለማለት እኛ ስንት መሐላ እንደረድራለን።

መኪናው ሲነሳ ማዳም ፊት ቆምኩ። «ማዳም፣ እሺ ያልኩዎት ሰምቻለሁ ለማለት ነው። አልቆይም።»

አማርኛዋን የተማረችው ከወንድ ወጥ ቤታቸው ስለነበር እኔንም እንደ ወንድ ነበር የምታናግረኝ። «ትናንት እሺ አልክ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ዛሬ እምቢ። ይሄ ልክ ነው?»

ይህን ባትለኝ ይሻላት ነበር። «ለእናቴ ሦስት ወር ብለዋታል። ከእኔ እሺ በፊት የእርስዎ ቃል ነበር።»

መሐንዲሱ መሪውን እንደያዘ በቋንቋቸው፣ ፓስፖርቷን ስጫት አላት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በእጄ አልሰጠችኝም።

የቀሩትን ቀናት ሦስታችን ተኮራርፈን በዚያ ሣጥን ተጓዝን። የምታወራው ልጅቷ ብቻ ነበረች፣ በአማርኛ፣ ጉልበቴ ላይ ሆና። እኔ ግን ሐቄን ይዤ መውጫ ቀኔን ነበር የምቆጥረው።

አገሬ ከገባሁ ከወራት በኋላ የማዳም ደብዳቤ መጣ። ቋንቋቸውን እሰማለሁ እንጂ ማንበብ ስለማልችል የሰፈራችን አስተማሪ እየተረጎመ አነበበልኝ። ቂም የለኝም ትላለች። ልጅቷ ግን ሰውን ሁሉ በአማርኛ ታናግራለች፤ አያቷን፣ ዳቦ ሻጩን፣ የጎረቤቱን ውሻ። የሚመልስላት ስታጣ ጊዜ…

«ይብቃ» አልኩት።

አስተማሪው ቀና ብሎ አየኝ። «ገና አላለቀም እኮ።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩ። እስከ ዛሬ መጨረሻውን ለማንም አላስነበብኩም።