የጎጀብን ቁልቁለት በፎሌ

የባሌን የግራ ጉልበት ፍሪሲዮን በላው። ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ ግን የማውቀውን ነው የምናገረው። ዕድሜውን ሙሉ ከዋጫና ከሺሺንዳ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ፣ በየኩርባው ያንን ፔዳል ሲረግጥና ሲለቅ፣ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ነገር አለቀ። «ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር እንዳትረግጥ» ሲሉት የሞት ፍርድ የተነበበበት መሰለው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ቤት ይቀመጣል፣ እኔም መንገድ መንገድ ከማየት አርፋለሁ አልኩ። ወይ የዋህነት!

ቤት የተቀመጠ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ወንበሩን በር ላይ ያወጣና የቦንጋን ሚኒባስ ሁሉ ሲሳደብ ይውላል። «ስሚው! በሁለተኛ መውጣት ሲገባው በሦስተኛ ያስጨንቃታል።» ባጃጅ እንኳ አይቀረውም። እኔ ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ስጮህ ውዬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ እግሬን እየጎተትኩ ስገባ ስለ ማርሽ ይጠብቀኛል። ፈተና እያረምኩ ስለ ማርሽ እሰማለሁ። ስተኛም ስለ ማርሽ ነው። ደከመኝ። ሰው በሌላ ሰው መቀመጥ እንዲህ ይደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን አባቷ አሳዘናትና የራሷን ያገለገለች ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ላከችለት። ነዳጅና ፍሬን ብቻ፤ ለግራ እግር ምንም ሥራ የለም። ሰውዬው ተነሣ። ተላጨ። ሸሚዙን አስተኮሰ። ጉልበቱን ለሐኪም ለማሳየት በየጊዜው በአውቶቡስ እየተጋፋን ጅማ የምንሄደው ቀርቶ፣ ራሱ ነድቶ ሊወስደን ሆነ። ጅማ ለመድረስ ደግሞ የጎጀብን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው።

ከተማ ውስጥ ሲሞክራት ገና በመጀመሪያው ቁልቁለት ፊቱ ተለወጠ። «ይቺ አትይዝም» አለኝ። መያዝ የሚለው፣ እግርህን ከነዳጁ ስታነሣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ እየጎተተ ማቀዝቀዙን ነው። የጭነት መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወርድ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ እያጉረመረመ ይይዝለት ነበር። ይቺ ግን እግሩን ሲያነሣላት ማርሹን ራሷ ታቀልና ዝም ብላ ትንሸራተታለች። ልጃችን በስልክ፣ «አባዬ፣ ቁልቁለት ላይ ከዲ ወደ ኤል፣ ወደ ከባዱ ማርሽ፣ አውርዳት፤ ያን ጊዜ ትይዛለች» አለችው። «እሺ የኔ እናት» አላት። ስልኩን ዘግቶ፣ «ማርሽ በስልክ ልታስተምረኝ!» ብሎ ሳቀ። ምክሯን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የተነሣን ዕለት ጠዋት ጭጋግ ነበር። እኔ ጋቢና፣ ጅማ ለሚያሳድሩን ዘመዶች የያዝኩትን የማር ባልዲ አቅፌ ተቀምጫለሁ። ጋቢና ደግሞ ሕግ አለው፤ ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም። የሚተኛ ሰው ሹፌሩን ያስተኛል ይላል። ሙሽራ ሆኜ እንኳ፣ ከሠርጉ ድካም ሳይለቀኝ፣ ዓይኔ ሲከደን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ተጫወቺ እንጂ!» ብሎኛል። እሱም ቢሆን ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ስለዚህ እኔ የማውቀውንም የማላውቀውንም እያወራሁ ነበር።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሩን ከነዳጁ አነሣ። መኪናዋ ፈጠነች። ፍሬን ያዘ፤ ለቀቀ፤ ፈጠነች። ያዘ፤ ለቀቀ። ጥቂት እንደ ወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አልኩት። ከዚያ ቀኝ እጁ፣ ሳያየው፣ ማርሹን ወደ ፊት ገፋው። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ንፋስ ብቻ ቀረ። ፎሌ አድርጓት ነበር፤ ሹፌሮች ጭነት አራግፈው ባዶ ሲመለሱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥተው መኪናውን በራሱ ክብደት ለቁልቁለቱ ይለቁታል። ባልዲዬን አጥብቄ አቀፍኩ። ኩርባው መጣ። እሱም ማርሽ ሊያስገባ የግራ እግሩን አንሥቶ፣ የሌለውን ፍሪሲዮን በዚያ በጭነት መኪና ጉልበት ረገጠው። የረገጠው ፍሬን ነው። መኪናዋ ጮኸች፣ ዞረች፣ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች።

ሲደነግጥ ካፍኛው ይቀድመዋል፤ በካፍኛ አምላኩን ጠራ። እኔ ከአንገቴ እስከ ጫማዬ ማር ሆኛለሁ። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ሁለታችንም ደህና ነን። ደህና መሆናችንን ሳይ ነው ቁጣዬ የመጣው።

«ምን ሆነህ ነው በፎሌ የምትለቃት?»

«ባዶ ነን ብዬ።»

«ምን?»

«ጭነት የለም ብዬ ነው። ከነጭነቱማ አላደርገውም፤ ታውቂኛለሽ።»

«እኔስ?» አልኩት።

ሊሰድበኝ አልነበረም፤ እጁ የለመደውን እውነት ነው የተናገረው። ያቆሰለኝም ያ ነው። ለአንድ ኩንታል ቡና ሲጠነቀቅ ስንት ዘመን አይቼዋለሁ፤ ሸራ ሲያለብሰው፣ ዝናብ እንዳይነካው መኪናው ሥር ሲያድር። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ባዶ ነን አለ። እዚያ ቦይ ውስጥ፣ ማር በማር እንደሆንኩ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይጠርግ ጀመር። የሚኒባስ መንገደኞች ወርደው መኪናዋን እስኪያወጡልን ድረስ ሲጠርግ ነበር።

«ሁለተኛ አንተ እየነዳህ ጎጀብን አልወርድም» አልኩት። ተማልን ታረቅን ማለት እንጂ ነገሩ አልቀረም። ከተማ ውስጥ ይሞክራል፤ ቁልቁለት ሲያይ እጁ ወደ ፎሌ ይሄዳል፣ ግራ እግሩ ይነሣል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብዬ ላስቀው ሞከርኩ። አልሳቀም። «ታዲያ እጄን ልቁረጠው?» አለኝ። ያ መሪ ከእጁ ከወጣ ምን እንደሚቀረው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ወንበሩና በሩ።

ግን ጉልበቱ እየባሰ፣ ሌሊት እያቃሰተ፣ አውቶቡስ ላይ መውጣት አቃተው። ማን ይወስደዋል? ሌላ ማንም የለም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባሁ። አሠልጣኙ «ቲቸር፣ አውቶማቲክ ብቻ ነው የሚማሩት?» ሲለኝ፣ «እሱም ከተሳካልኝ» አልኩት። ተሳካልኝ። የምረሳው ነገር አልነበረኝማ። ባሌ ፈቃዱን ሳሳየው፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዞረ። ብዙ ቀን ስለ ማርሽ አላነሣም። ያን ጊዜ ነው ያ ወሬው የናፈቀኝ፤ ሰው ሲባል!

አንድ እሑድ ሳይጠየቅ መጥቶ ጋቢና ተቀመጠ። «ወደ ቁልቁለቱ ንጂ» አለኝ። ነዳሁ። «አሁን ኤል አድርጊያት።» ሳደርጋት ሞተሩ እሪ አለ። «ሰበርኳት!» አልኩ።

«አልሰበርሻትም። ያዘችልሽ። ይሄ ጩኸት ነው ፍሬንሽ። ፔዳሉን ንኪና ልቀቂ፤ አትተኚበት።» ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ለካ ትይዛለች» አለ፣ ለራሱ።

ጅማ የምንሄድበት ቀን ተላጨ። በልማድ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በመኪናዋ ፊት ዞሮ፣ ጉልበቱን እየደገፈ፣ ጋቢና ገባ። ሰውዬው ዓይኔ እያየ አረጀ። «በል አንተ ንዳ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ቁልቁለቱ ላይ ኤል አደረግኳት። መጀመሪያ፣ «ንኪው… ልቀቂው… ጎበዝ» ይለኛል። በየኩርባው ግራ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። እኔም መርገጡን እየሰማሁ፣ አለ፣ ከእኔ ጋር እየነዳ ነው እላለሁ። በኋላ እግሩ ዝም አለ። ዞር ብዬ ባየው ጭንቅላቱን መስተዋቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል።

በሕጉ መሠረት በክርኔ ጎሸም ላደርገው ይገባ ነበር። ክርኔን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድኩት። አንጀቴን በላው። ፍሬን ብነካ ጭንቅላቱ ከመስተዋቱ ጋር ይጋጫል ብዬ፣ መያዙን ለሞተሩ ተውኩት፤ መኪናዋ እያጉረመረመች በዝግታ ታወርደን ጀመር። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን ያስጮኸዋል። ከቸኮልክ እለፍ፣ አባቴ! እኔም ደክሞኛል፣ ዓይኔም ዕንባ አዝሏል፣ ግን ከዚህ በላይ አልፈጥንም።

የጎጀብ ሙቀት ነው ያነቃው። አፉን ጠረገ፤ የወንዙን ድልድይ አየ፤ እንደማፈር አለ።

«ወረድነው?»

«ወረድነው።»

«አንድም ጊዜ አልነቀነቅሽኝም እኮ» አለና፣ ጠርጠር አድርጎ ወደ ማርሹ አየ። «በፎሌ ነው እንዴ የለቀቅሻት?»

«አንተን ጭኜ?» አልኩት።