የእማዬ ሰባት ድንጋዮች

መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ጡጫ የሚያህል ቀላ ያለ ድንጋይ አለ። ቤት የምታጸዳልኝ ልጅ ሁለት ጊዜ ልትጥለው ስትል ደርሼባታለሁ። እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ አብሮ ይመጣል፤ የቀበሌያችን ሱቅ በር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው የማለዳ ብርድ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ፣ መሬት ላይ በአንድ መስመር የተደረደረ ድንጋይና የዛገ ጣሳ።

ያን ዘመን ላልደረሰበት ልንገር። በደርግ ጊዜ ስኳርና ዘይት የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር፤ ያውም ከመጣ። መጣ የተባለ ቀን ሰው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ተራ ይይዛል። ሥራ ያለው እስከ ረፋድ ቆሞ መጠበቅ ስለማይችል በእሱ ፋንታ ድንጋዩ ይሰለፋል። ሱቁ ሲከፈት ባለቤቱ መጥቶ ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል። የሰው ድንጋይ የሚነካ አልነበረም። ዛሬ መገናኛ ለታክሲ ተሰልፌ አንዱ በክርኑ ሲያልፈኝ፣ ያኔ እኮ ድንጋይ እንኳ ይከበር ነበር እላለሁ በሆዴ።

እማዬ የምታስቀምጠው ታዲያ ሰባት ነበር። አንዱ የእኛ ነው፤ ይሄ ቀዩ። ስድስቱ ግን በማለዳ መውጣት የማይችሉ የጎረቤቶቻችን ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ከወንዙ ዳር መርጣ ያመጣችው ድንጋይ ነበራቸው። ክቡ ጥቁር የዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ነው፤ ጎባጣው መንታ የወለደችው የሹፌሩ ሚስት፤ ረጅሙ ግራጫ የፋብሪካ ሠራተኛዋ። እማዬ ልጅ ሆና እንጦጦ ላይ ጭራሮ ስትለቅም ወድቃ ስለነበር አንድ እግሯን ታነክሳለች። ዘምቢሉን እኔ ተሸክሜላት እያነከሰች ትደረድራቸዋለች፤ ስትደረድርም ታዋራቸዋለች።

«አባባ፣ እርስዎ ከግድግዳው ጠጋ ይበሉ፣ ብርዱ እንዳይመታዎ። አንቺ ደግሞ ልጆቹን እያጠባሽ ጠብቂኝ።»

ይህን የሚሰማ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሰዉ የሚያየው አንዲት ሴት ከሰባት ድንጋይ ጋር ቆማ ነው።

እኔ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ከዘማሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ለአብዮቱ ሳይሆን ለአንድ ረጅም ተዋናይ ነበር የምዘምረው። እሱ ሲስቅ አዳራሹ የሚበራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በልምምድ እረፍት ላይ ላስቀው ብዬ እማዬን ሆንኩለት። ሻሼን እንደ እሷ አስሬ፣ እያነከስኩ፣ ጠጠር ደርድሬ «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ» አልኩ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አንቺ፣ ጉድ ነሽ እኮ!» አለኝ። በዚያች ቃል ሳምንት ሙሉ መሬት አልረገጥኩም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የኪነቱ መሪ አጠገባችን ሲጋራውን እያጨሰ ያዳምጥ ነበር። ስኳር የጠፋበት፣ ሰዉ ያጉረመረመበት ወቅት ስለነበር የቀበሌው ሊቀመንበር አሻጥረኞችን የሚያጋልጥ አስቂኝ ድራማ አምጡ ብለውት ነበር። ስኳሩ የት እንደገባ መጠየቅ አይቻልም፤ በአንዲት አንካሳ ሴት መሳቅ ግን ይቻላል። ገጸ ባሕርይዋ «እማማ ሰባት ሆድ» ተባለች። ልምምዱን ሳየው እሷ መሆኗን ማን ያውቃል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ድራማው የታየ እሑድ እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ረጅሙ ልጅ በሻሽና በነጠላ፣ ትራስ በሆዱ ወትፎ፣ እያነከሰ ወጣ። አዳራሹ አንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። እማዬም በመዳፏ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ከመድረኩ ጥግ ሆኜ አየኋት። ከዚያ ልጁ ድንጋዮቹን መደርደር ጀመረ። «አንተ ለቁርሴ፣ አንቺ ለምሳዬ፣ እርስዎ አባባ ጠጋ ይበሉ፣ ለእራቴ ነዎት!» የእማዬ እጅ ከአፏ ላይ ወረደ። ጭኗ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ቀረ። ስኳራቸውን ተራ ይዛ የምታስገኝላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ሲስቁ አየሁ።

ቤት ስንገባ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጠፈችና «ከድንጋዮቹ ጋር እንደማወራ ማን ነገራቸው?» አለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዘምቢሉን ግቢው ጥግ ገለበጠችው።

በሚቀጥለው የራሽን ቀን የራሷን አንድ ድንጋይ ብቻ ይዛ ወጣች። በመንገድ ላይ ልጆች «ሰባት ሆድ! ስድስቱን የት ጣልሻቸው?» እያሉ ተከተሏት። እሷ ተራዋ ደርሶ ስኳሯን ወሰደች። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን እየመቱ ሱቁ ሲደርሱ ግን አልቋል ተባሉ። እቃቸውን ባዶውን ይዘው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲመለሱ ሳይ መቻል አቃተኝ። ሮጬ ቤት ገባሁና እግሯ ሥር ተደፋሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ልጁን እንደምወደው ሳይቀር።

እማዬ ያመጣችውን ስኳር ጣሳው ውስጥ ገልብጣ ከደነችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤

«አነካከሴንም አሳየሽው?»

«አዎ።»

«በየትኛው እግር?»

«በቀኝ።»

«የማነክሰው በግራ ነው» አለች። «አሥራ ስድስት ዓመት አብረሽኝ ሄደሽ፣ የቱን እግሬን እንደሚያመኝ አላየሽም።»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ድራማው ተወዶ ስለነበር የቀበሌው የበላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጡ ተብሎ በድጋሚ እንዲታይ ተወሰነ። የዚያን ቀን እማዬ ከግቢው ጥግ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስታ አጠበቻቸው። ዘምቢሉን ስታነሳ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ለቀቀችልኝ። አዳራሹ በር ላይ ዘምቢሉን ተቀብላኝ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደች።

ልጁ እያነከሰ ወጣ፤ ሳቁ ፈነዳ። እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ልጄ» አለችው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ያኛው እግር አይደለም። ቆይ፣ ላሳይህ።»

ዘምቢሏን አንጠልጥላ ወደ መድረኩ ወጣች። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት በሳቅ ወደቀ። ሊቀመንበሩ ግማሽ ተነሱ፤ አጠገባቸው ያሉት እንግዳ እንባቸውን እየጠረጉ ሲስቁ አዩና መልሰው ተቀመጡ። እማዬ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እያነከሰች ሄደችበት። ልጁ ከኋላዋ፣ በግራ እግሩ፣ እየኮረጀ ተከተላት። እንደዚያን ቀን የተሳቀ ሳቅ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ግን ሳቁ የእሷ ነበር፤ በእሷ እጅ ነበር።

ከዚያ ድንጋዮቹን መደርደር ጀመረች። ክቡን ጥቁር ከፍ አደረገችው።

«ይሄ ሆዴ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ካለ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። አሻጥረኛ በተባለች ሴት ድንጋይ ስኳር የወሰደ ማን ነኝ ይላል? የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የተነሱት ሽማግሌው ናቸው። የሊቀመንበሩን ፊት ማየት የማይችሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ይሆናል።

«የእኔ ነው» አሉ በትራቸውን ተደግፈው። «ዓይን ባይኖረኝም ተራ ነበረኝ።»

ጎባጣውን ስታነሳ የሹፌሩ ሚስት አንዱን መንታ ታቅፋ ተነሳች። ከዚያ ልብስ አጣቢዋ፣ ከዚያ ዘበኛው፣ ከዚያ የሳምባ ሕመምተኛዋ ባል። በመጨረሻ ረጅሙን ግራጫ ለተዋናዩ ሰጠችው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ» አለ ልጁ፣ አሁን እየተጫወተ አልነበረም።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት የፋብሪካ ጋወኗን እንደለበሰች ተነሳች። እናቱ ነበረች።

«ሻይህ ውስጥ ያለው ስኳር ከየት የመጣ መሰለህ?» አለችው።

ልጁ ትራሱን ከሆዱ አወጣ፤ ሻሹን ፈታና በሁለት እጁ ለእማዬ አቀረበላት። ጭብጨባው ከየት እንደተነሳ አላውቅም። እኔ ከዘማሪዎቹ መስመር ወጥቼ ነበር የማጨበጭበው። እንግዳው ቆመው ሲያጨበጭቡ ሊቀመንበሩም ቆሙ፤ ምን ምርጫ ነበራቸው? የኪነቱ መሪ በኋላ መጥቶ «እናቴ፣ ይሄን መጨረሻ በድራማው እናስገባውና እርስዎ ይጫወቱት» ብሎ ለመናት። «አንዴ የሠራሁትን ድጋሚ አልሠራም፤ ነገ ሰልፍ አለብኝ» አለችው።

በሚቀጥለው ማለዳ ሰባቱ ድንጋዮች ቦታቸው ላይ ነበሩ። ረጅሙ ልጅ እናቱን ወክሎ ከግራጫው ኋላ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ነበር። አየኝና ፈገግ አለ። ደስ አለኝ፤ ግን እንደ በፊቱ አልበረርኩም። ሌላ ሥራ ነበረኝ።

ስንመለስ ዘምቢሉን ተሸክሜ በግራዋ በኩል ገባሁ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ክብደቷን ለቀቀችብኝ። ያን ያህል ከባድ መሆኗን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ራሽኑም ቀረ፣ ሱቁም ፈረሰ፤ እማዬ ግን ብዙ ዓመት ኖረች፤ እስከ መጨረሻው ቦታዬ በግራዋ ነበር። አምና ስንቀብራት ሬሳው ፊት ፊት ይሄዳል፣ እኔ ከሰዉ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ታናሿ እህቴ ክንዴን ይዛ «ምነው ወደ ዳር ወጣሽ?» ስትለኝ ነው ልብ ያልኩት። ሳላውቀው ከኋላም ሆኜ በሳጥኑ ግራ በኩል፣ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ነበር የምራመደው።