የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?

የእስር ክፍሏን ከዓይኔ በፊት ያወቃት እግሬ ነው። ጫማዬን በር ላይ አስወልቀውኝ ስለነበር የሲሚንቶው ብርድ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ስድስት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ሲለቁልኝ አየሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስለታሰረው አስተማሪያችን የጻፍኩትን በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ካነበብኩ ገና ሁለት ቀኔ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ጽሑፌ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስር ስሩ በቀይ ተሰምሮበታል። እውነቴን ነው፣ እየፈራሁም «እንዴት በጥንቃቄ አንብቦታል!» ብዬ ደስ አለኝ።

«ይሄ የልጅ ጽሑፍ አይደለም» አለ። «ያስጻፈሽ አባትሽ ነው። ቃልሽን እንዲሁ ጽፈነዋል፤ ፈርሚና ወደ ቤትሽ።»

«አባቴ ዛሪማ ነው ያለው። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ አክስቴ ነች። እሱ ፊደል እንኳን አልቆጠረም።»

«ደም ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም» አለና እስከ ከሰዓት እንዳስብበት ወደ ክፍሏ መለሰኝ። ከፈረምኩ አባቴን ያመጡታል፤ ካልፈረምኩ እኔ እቀራለሁ።

ለምሳ አክስቴ ዳቦ አመጣችልኝ። ያመጣው ሰው ጠባቂው ፊት ካልቀመሰ ምግብ አይገባም፤ ዳቦው ጥግ ላይ የፍንጭት ጥርሷ ምልክት ነበረበት። ያቺን ጥግ ለራሴ አስቀርቼ ሌላውን ለሴቶቹ አካፈልኩ።

አጠገቤ የምትተኛው የዛሪማ ሴት፣ ልጇ ቢጠፋባቸው በእሱ ፈንታ ያሰሯት፣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማጅራትሽን ይዘሽ ቀረሽ?»

«ሳስብ እንዲህ ነኝ፣ እትዬ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳት። ሳቋ ሁሉንም ወደ እኛ አዞረ። «የአያ እከሌ! ገበያ ላይ የበሬው ዋጋ ካልጣመው እንዲሁ ማጅራቱን ይዞ ይቆማል። ከያዘማ በቃ፣ አይሸጥም! ሸጋ ሰው ነው፤ ግን ግትር!»

አባቴን ያየሁት ለበዓል ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ባዮሎጂ ላይ የአተር አበባ ቀለም እንደሚወረስ ተምሬያለሁ፤ ማጅራት መያዝ ይወረሳል ያለኝ ግን አልነበረም። እጄን ከማጅራቴ አወረድኩ።

«ታዲያ መርማሪው ልክ ነው?» አልኳት።

«ግትርነቱስ የእሱ ነው። በምን ጉዳይ ግትር እንደምትዪ ግን እሱ አልነገረሽም» አለችኝ። ቀስ ብላ ጨመረች፤ «እኔንም እዚህ ያስቀመጡኝ ከልጅሽ ጋር አንድ ሰው ናችሁ ብለው ነው።»

ከሰዓት እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ከተጻፈው ቃል ላይ የአባቴን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩ። አክስቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ስህተት ሲሰረዝ የተሰረዘው ይነበብ፣ አጠገቡም ይፈረምበት ብላ አስተምራኛለች። በላዩ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ።

«የአባትሽ ልጅ!» አለ መርማሪው። ዐሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስወጣ የዛሪማዋ ሴት እዚያው ነበረች።

ይህን የምጽፈው ቁስቋም ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት አባቴ መጥቶ ነበር። ቤት የቀረውን የዚያን ጽሑፍ ረቂቅ በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ።

ሳነብለት ማጅራቱን ይዞ ያዳምጠኝ ነበር። የእኔም አንድ እጅ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ በሌላኛው ወረቀቴን ይዣለሁ።