ጂዳ ላይ ያየሁት አመዳይ

ባለፈው ማክሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ኑሩ መኪናውን ደጄ ላይ አቁሟት፣ ሦስት አዋቂ ነን ባዮች ከበዋት አገኘኋቸው። ኑሩ ከዓረብ አገር ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ማቀዝቀዣዋ፣ ኤሲው፣ ጥቂት ደህና ነፍሶ ይሞታል፤ እዚህ መካነ ሰላም ወጥቶ ሲያሳያቸው ግን ምንም እንዳልሆነ ይነፍሳል። አንደኛው ስልኩን እያየ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። ሁለተኛው «ምንም የለው፤ አያያዙን ስለማታውቅ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጎማውን በእግሩ ይመታል። ጎማው ምን እንዳደረገው እንጃ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስሜን እስክጽፍ ነው፤ ይህንንም የምሞነጫጭረው በመከራ ነው። እንዲህ ያለውን አዋቂ ግን ድሮ አውቀዋለሁ።

ሀያ ሦስት ዓመቴ ላይ ጂዳ የአንድ ነጋዴ ሹፌር ነበርኩ። ሥራዬ እናቱን፣ ኡሚ የምንላቸውን ልባቸው የደከመ አሮጊት፣ ሆስፒታል ማመላለስ ነው። የዚያ አገር ሙቀት አይወራም፤ የመኪናው በር እጅ ይልጣል። አሠሪዬም ብርድ ይገዛል። እኛ አገር አቀስታ ላይ ብርድ የሚወስድልን አጥተን ጋቢ በጋቢ ላይ እንደርባለን፤ እሱ ከፍሎ ያስመጣል፣ ሲመጣለት ደግሞ «ጨምሩበት» ይላል። እኔ መኪናው ውስጥ ሹራብ ለብሼ፣ ከአገር የተላከልኝን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ እነዳለሁ።

መካኒኩ ሙላት የሚባል ያገራችን ሰው፣ ከተሜ ነው። ሸሚዙ ላይ ቅባት አይታይም። ሸሚዙ የማይቆሽሽ መካኒክ ምን ዓይነት መካኒክ ነው?

በዚያ በጋ ኤሲው ይሞት ጀመር። ኡሚ «ነፋሱ ጠፋ ልጄ» ይሉኛል። እጄን ስሰድ ነፋሱ አልሞቀም፤ ቀጥኗል። መኪናውን አቁሜ፣ ቆይቼ ጋራዥ ስወስደው እንደ ጥንቱ ይነፍሳል። ሙላት ጋዝ ይጨምርበታል፣ አምስት ደቂቃ እጁን ያስጠጋል፣ ይስቃል።

«አንተ የወሎ ቦረና ባላገር፣ ቁልፉ በየት በኩል እንደሚዞር ላሳይህ?»

«መንገድ ላይ አብረኸኝ ውጣና እይ።»

«ካንተ ጋር ሽርሽር ልሂድ? እኔ ሥራ አለኝ!»

አንድ ቀን ኡሚ መንገድ ላይ ራሳቸውን ሳቱ። አሠሪዬ እየጮኸ ጋራዡ መጣ። ሙላት ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ ሹራቡን አያዩም? ይህ ሰው ስለሚበርደው ራሱ ነው የሚያጠፋው።»

ኡሚ ሲሻላቸው «እሱ አልነካውም» አሉ። ልጃቸው «እናቴ አርጅታለች» አለ። መኪናው ውስጥ የነበረች የገዛ እናቱን የማያምን ሰው ነው እንግዲህ። ወደ እኔ ዞሮም «ሐሙስ ወደ አገርህ ትሳፈራለህ» አለኝ። መመለሱስ ግድ የለም፤ አሮጊት ሊገድል ነበር፣ ዋሾ ነው ተብሎ መመለስ ግን እንዴት ይዋጣል?

ረቡዕ ኡሚን ሆስፒታል አደረስኩና ባዶውን መኪና ይዤ የባሕሩን መንገድ ተያያዝኩት። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አንድ ሰዓት ነዳሁ። ነፋሱ ሲቀጥን ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ወፍራሙ ቱቦ ነጭ ሆኗል። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ቀመስኩት። አመዳይ! በዚያ እሳት አገር አመዳይ!

አባቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ማለዳ ተነስቶ ገብሱን አመዳይ አልብሶት ቢያገኘው ጮኾ አመለከተ። የሰብል ጉዳት የሚመዘግበው የመንግሥት ሰው በቅሎውን እያዘገመ በቀትር ደረሰ። አመዳዩ ቀልጧል፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። «ጤዛ አይተህ ነው፣ አንተ ዋሾ!» ብሎት ሄደ። በሳምንቱ ማሳው ገለባ ሆነ።

ሞተሩን ሳላጠፋ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። የአሠሪዬ ሱቅ ፊት ለፊት ስለነበር ጠራሁት። ኮፈኑን ከፍቼ የሙላትን እጅ ያዝኩና ቱቦው ላይ ተጫንኩት። ዘለለ።

«ይህንን በሹራቤ ነው የሠራሁት?» አልኩት።

ዳሽቦርዱን በጉልበቴ አስፈታሁት። ቅዝቃዜው ሲበዛ ብርዱን የሚሠራውን ኮምፕረሰር የሚያቆም ትንሽ ማብሪያ አለ፤ ሁለቱ ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው በሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ታስረዋል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ አያርፍም፤ ውስጡ በረዶ ይጋግርና የነፋሱን መንገድ ይደፍነዋል። ቆም ሲል ይቀልጣል።

«ማን አሰረው?» አለ አሠሪዬ።

«እርስዎ ይበልጥ ይቀዝቅዝ ስላሉኝ...» አለ ሙላት።

አንዱ ልክ የማያውቅ ጠያቂ፣ አንዱ እምቢ የማያውቅ ሠሪ። ሽቦው ተፈታ፣ ማብሪያው ተመለሰ፣ ኤሲው ዳግም አልሞተም። ሐሙስም መጥቶ ሄደ፤ ስለ መሳፈሬ ያነሳ የለም። ይቅርታ ያለኝም የለም። ኡሚ ብቻ ቅዳሜ መኪናው ውስጥ ሲገቡ «ሹራብህን ልበስ ልጄ፣ ዛሬ ይበርዳል» አሉኝ።

እናም ባለፈው ማክሰኞ ደጄ ላይ አዋቂዎቹን ገፋ አደረግኋቸውና ኑሩን ጠየቅሁት።

«ሲሞት ነፋሱ ይሞቃል ወይስ ይቀጥናል?»

«ይቀጥናል አያ ይመር።»

«ምን ጭነህበት ነበር?»

አፈረ። «ለአባባ በሬዎች ጭድ።»

«በል የነፋሱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን አውጣው።»

ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ጎትቶ አወጣው፤ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቆታል። የነፋሱ መንገድ ሲጠብ ውስጡ በረዶ ይጋግራል፤ መካነ ሰላም ደርሶ እስኪያሳያቸው ይቀልጣል። ባለ ስልኩ «እሱንማ እዚህም ከታች ጽፎታል» አለ። ከታች ያለውን ለማንበብ እኔን መጠበቁ ነው።

በዕድሜዬ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ አብዛኛው በቀትር የሚመጣ ነው። እኔ የተነገረኝን ሄጄ ባጣው፣ ዋሸህ ከማለቴ በፊት «በስንት ሰዓት አየኸው?» እላለሁ። አባቴን ይህን የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።