ለአንድ ቃል አምስት ባቄላ

ፈሂማ ሰባት ዓመት ኩዌት ሠርታ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሐይቅ ከተማ ስትመለስ፣ ሻንጣው ሲከፈት ጎረቤቷ መስኡዳ ከአጠገቡ አልጠፋችም። ሽቶውም ልብሱም ወጣ፤ ከታች ግን ሃያ ፊት ያላት፣ በየፊቷ ቁጥር የተጻፈባት ሰማያዊ ጠጠር ተገኘች። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የሲህር ነው? የአስማት?" አለች መስኡዳ እጇን እየሰበሰበች። የጨዋታ ናት ብትባልም ለሦስት ቀን አላመነችም።

እውነትም የጨዋታ ነበረች። ፈሂማ የሠራችበት ቤት ሦስት ጎረምሶች ሐሙስ ሐሙስ ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ተረት ይመራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ሆነው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ጠጠሯ ትፈርዳለች። ለደፈረና መላ ለዘየደ መሪው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥብ ሲጠራቀምለት ያ የተረት ሰው ይጠነክራል። ተጫዋች ሲጎድልባቸው ፈሂማን ከወጥ ቤት ጠርተው ያስቀምጧት ነበር። እሷን የገረማት፣ ካልሲውን ከወለል ማንሳት የሚከብደው ልጅ ለማይበላ ለማይጠጣ ነጥብ ሲል ሳይታክት መዋሉ ነው። "ሽልማት የማያነቃንቀው ሰው የለም" ብላ ደመደመች። አይ ፈሂማ! ሐይቅ ላይ ገና አልሞከረችውማ።

የሞከረችውም ለጨዋታ ብላ ሳይሆን ለወንድሟ ለሰዑድ ብላ ነው። ሰዑድ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ወሬው ከሞተሩ ይቀድማል እየተባለ የሚቀለድበት። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ሲደርስ ከተማው እግሩ ወደመራው ተበተነ። ሰዑድም ከልብ ጓደኛው ከሰላሀዲን ጋር በእግሩ ወጣ፤ በታኅሣሥ ሲመለስ ግን ብቻውን ነበር። "ሰላሀዲንስ?" ሲሉት ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ከአፉ አልወጣም። የሰላሀዲን እናት ፈዲላ መጥታ እግሩ ላይ ብትወድቅ እንኳ አብሯት አለቀሰ እንጂ አልተናገረም። ልጇ የት እንደወደቀ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው አታውቅም። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ የሚያነሳው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው የሰፈሩ ቂሬም ያኔ ተበትኖ ስለነበር፣ ሞት የሚያለፍፈው ጠሪ ወጥቶ ለሰላሀዲን አልጠራለትም።

ጎረቤቱ "ተውት፤ ዝም አይነቅዝም" ይላል። ፈሂማን ይህ አባባል ያንገበግባት ነበር። ዝምታው ባይነቅዝም ወንድሟ እየነቀዘ ነበር። ባጃጁ ላይ ዶሮ ሰፍሮበታል፤ የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ይመልሳል። አንዲት ቃል ካልተነፈሰ ይሄ ልጅ ያልቅብኛል ብላ ፈራች።

ስለዚህ በየካቲት አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዓሳ በምትጠብስበት ቤት መስኡዳን፣ ዓሳ አጥማጁን አያ ሽታውንና ሰዑድን ሰበሰበች። ተረቱን ከአገሩ አዘጋጀችው፤ ምንጭ የዘጋ ዘንዶ አለ፣ ሦስት ሰዎች አምባሰል ተራራ ላይ ወጥተው ያስለቅቁታል። በነጥብ ፋንታ ባቄላ አቀረበች።

"ለተናገረ አንድ ባቄላ። አስር የሞላለት ጉልበት ይጨመርለታል" አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ "ላንተ ለመጀመሪያዋ ቃል አምስት፣ ሰዑዴ" አለችው።

አያ ሽታው ሲራራ ነጋዴ መሆን መረጡ። "ዕድሜ ልኬን ውሃ ላይ ነኝ፤ እስቲ በቅሎ ልጫን" አሉ። መስኡዳ ቁስል ፈዋሽ ሆነች። ሰዑድ ጠጠሯን ተቀብሎ ወረወረ፤ አስራ ሰባት ወጣለት። ዝም።

የፈሂማ ራስ መዞር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መስኡዳ አፏ አያርፍምና ስምንት ባቄላ ወዲያው ሰበሰበች። ሰብስባም አምስቱን ወደ ሰዑድ ገፋችለት።

"ምን ሆነሽ ነው? ያንቺ እኮ ነው!" አለች ፈሂማ።

"ወላሂ አላደርገውም! ጎረቤቴ ባዶ እጁን ተቀምጦ እኔ ልከምር? ያስነውራል እቴ።"

አያ ሽታውም የራሳቸውን ግማሽ ሰጡት። "በቅሎው ድርቆሽ አይጣ" አሉ፤ በቅሎው የትኛው እንደሆነ ለፈሂማ አልገባትም። ሽልማቱን ብታሳድገው ስጦታው አደገ። ለአሸናፊው የተጠበሰ ቀረሶ ብትል ዓሳው ለአራት ተካፈለ። በሁለተኛው ሳምንት ቃል ያልተነፈሰው ሰዑድ የባቄላ ከበርቴ ሆኖ ቁጭ አለ። ኩዌት የሠራው ሥርዓት እዚህ ምን ነካው? ስህተቱ ከእሷ ይሁን ከባቄላው፣ ብታወጣ ብታወርድ ጠፋባት።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ሽታው ከዘንዶው ጋር ተጋፈጡ። ጠጠሯን ወረወሩ፤ አንድ ወጣ።

"ሞተዋል" አለች ፈሂማ። ኩዌት እንዲህ ሲሆን ጎረምሶቹ ስቀው ሌላ ሰው ይፈጥሩ ነበርና "አሁን ሌላ ሰው ይምረጡ" ብላ ልትቀጥል ስትል መስኡዳ ከወንበሯ ተነሳች።

"ምን ማለትሽ ነው? ሰው ሞቶ ጨዋታ ይቀጥላል እንዴ? ቂሬ ይጠራ እንጂ!"

"ተረት እኮ ነው፣ መስኡዳ!"

"ተረት ቢሆንስ? የቂሬ አባል አይደሉም?" ብላ ባቄላዋን በሙሉ ጠረጴዛው መሀል ዘረገፈች። "ይሄ ለሐዘንተኞቹ። በይ፣ ማን ይጥራ? እኔ ሴት ነኝ፣ አልወጣም።"

ፈሂማ ግራ ገብቷት አያ ሽታውን አየች። "እኔን አታናግሪኝ፣ ሬሳ ነኝ" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

የቀረው ሰዑድ ነው። ባቄላውን በሁለት እጁ ጠርጎ ወደ መሀል ገፋው፤ አንድም አላስቀረም። ተነስቶም በሩ ላይ ቆመ። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። ሰዑድ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ በሻከረ ድምፅ ጮኸ።

"የቂሬ ሰው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሰላሀዲን አርፏል!"

መንገደኛው ባለበት ቆመ። አያ ሽታው ዓይናቸውን ገልጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ቆስሎብኝ ሁለት ቀን አዘልሁት! ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ከመንገዱ በታች፣ ዋርካ ሥር ነው ያለው! ብቻዬን ቀበርሁት! ጠሪ አልነበረውም! የቂሬ ሰው፣ ውጡ!"

ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አነባ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሦስት ወር የታፈነው ሁሉ ወጣ። መስኡዳ ወደ ፈዲላ ቤት ሮጠች። ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ ዛሬ የሞተ መስሎት "መቼ? የት?" ይላል፤ አያ ሽታው ለማስረዳት ሲሞክሩ ከዘንዶው ጀመሩና የባሰ አምታቱት።

ፈሂማ ለመጀመሪያዋ ቃል ያዘጋጀቻቸውን አምስት ባቄላዎች በጭብጧ ይዛ መሀል ቤት ቆማለች። ብትሰጠው አሳፈራት፤ ብትይዛቸውም ቃሏን ማጠፍ መሰላት። ደስ ብሏታል፤ ታለቅሳለች፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም።

ፈዲላ ነጠላዋ እየተጎተተ ደረሰች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ሰዑድ አጠገብ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቱን በእጆቿ ያዘችው። ማን ገደለው አላለችም፤ ለምን ዝም አልህ ብላም አልወቀሰችውም።

"ዋርካው ጥላ አለው?" አለችው።

"አለው፣ እማ። ሰፊ ጥላ አለው።"