ባሕር የሚያሳየው ክፍል

ክሊፎርድ ብራምሌ ሌስተር ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በዕድሜው አንድም ቀን "ቅር ብሎኛል" ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ውሻ ነክሶት የውሻውን ባለቤት ይቅርታ ጠይቋል። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን ቢሸርፈው እንኳ "ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ" ብሎ፣ ጉርሻ ጨምሮ ነው የሚወጣው። ያገሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የክሊፎርድ ግን ይብሳል።

ክሊፎርድና ሚስቱ ሞሪን በየዓመቱ ለአንድ አዳር ክሮመር ከተማ ይሄዳሉ፤ ባሕሩ ዳር፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በተሠራው የወይዘሮ ግሪምሾ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያድራሉ። ክፍላቸው ሁልጊዜ በጓሮ በኩል፣ የቆሻሻ በርሜል የሚያሳየው ነው። ዘንድሮ ግን ከተጋቡ አርባ ዓመት ሞላቸውና ሞሪን ከአልጋዋ ሳትነሳ ባሕር ማየት አማራት። ባሕር የሚያሳየውን የፊት ለፊቱን ክፍል ከጥር ጀምረው አስይዘዋል።

ቁልፍ ተቀብለው በሩን ሲከፍቱ፣ ያው በርሜል!

"ክሊፎርድ፣" አለች ሞሪን ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ "ውረድና ንገራት። አርባ ዓመት ሙሉ 'ግሩም ነው' ስትል ሰምቼሃለሁ። ዛሬ እንኳ ለእኔ ስትል አፍህን ክፈት።"

ወረደ። ፎጣ ይዞ ተመለሰ።

"ፎጣ ማን ጠየቀህ?"

"'ምን ጎደለ?' ስትለኝ ደነገጥኩና..."

ደግሞ ወረደ፤ ብስኩት ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቆይቶ ቆይቶ ሲመጣ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"ነገርካት?"

"ሞሪንዬ፣ እንዳትቆጪ። ክፍሉን ለከርሞም አስያዝኩት።"

"የቱን ክፍል?"

"ይሄንኑ።"

"ወይ ጉዴ! አንተን ሳገባ ምነው እግሬን በሰበረው! ዞር በል፣ እንዴት እንደሚነገር ስማ!" ብላ ደረጃውን እየደበደበች ወረደች። ክሊፎርድ ከላይ ሆኖ ጆሮውን ጣል አደረገ።

"ክፍሉ ተስማማዎት እመቤቴ?" አለች ወይዘሮ ግሪምሾ።



"በጣም ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ" አለች ሞሪን።

ተመልሳ ስትመጣ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትንሽ አለቀሰች። ክሊፎርድ ነገ ቁርስ ላይ፣ የመጣው ይምጣ፣ እናገራለሁ ብሎ ማለ።

ጠዋት ባሕር በሚያሳየው ክፍል ካደሩት ባልና ሚስት ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። የሰውዬው ዓይን አብጧል።

"ምን እንቅልፍ አለ!" አለ በሹክሹክታ። "ባሕሩ ሲያጓራ፣ ወፎቹ ሲንጫጩ ነጋ። እኛ ያስያዝነው ጸጥ ያለውን የጓሮውን ነበር። ቁልፉን አሳስታ ሰጠችን መሰለኝ።"

የሞሪን ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። "ታዲያ ለምን አልነገራችኋትም?"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ!" አለች የሰውዬው ሚስት። "ሴትዮዋን ማስቸገር አይሆንም?"

ይሄኔ ወይዘሮ ግሪምሾ እንቁላሉን ይዛ ገባች። "ሁላችሁም ደህና አደራችሁ?"

ክሊፎርድ ሹካውን አስቀምጦ ተነሥቶ ቆመ። "ወይዘሮ ግሪምሾ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፍሉ..."

የሞሪን ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን አገኘው።

"ግሩም ነበር!" አለች ሞሪን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ክሊፎርድን እጁን ስባ አስቀመጠችውና "መነሣትህ ይበቃኛል" አለችው በሹክሹክታ፤ ቁርሱ እስኪያልቅም እጁን አልለቀቀችውም።