ባለ ሁለት ዓይን ወታደሮች

ከገላባት ወደ ገዳሪፍ የሄድኩት ልጄን ልቆጣ ነው። አልማዝ እዚያ ለወይዘሮ ዘነቡ ምግብ ቤት ትልቅ ሥዕል ሥላ ነበር፤ ንጉሡን የደርግ ወታደሮች ከቤተ መንግሥት አውጥተው በትንሿ መኪና የወሰዱበትን ጠዋት። ከፍላ ያሠራቻት የመጀመሪያዋ ሰው ወይዘሮ ዘነቡ ናት። እሷ ግን «ወታደሮቹን ካላስተካከለች አልሰቅለውም» ብላ ላከችብኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አልማዝ ይህን ከሰዓሊው አያቷ ተምራለች፤ ወታደሮቹን ግን ባለ ሁለት ዓይን አድርጋቸዋለች። ደርግ ከአገሬ ወደ ሱዳን ያሳደደኝ ሰው ነኝና ነገሩ አንገበገበኝ።

ዶካ

ሎሪው ማለዳ ተነሣ፤ እኛም በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተደረደርን። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ዶካ ወርደን ፉል በላን፤ ጥሩ ፉል ነው። ለአጨዳ የሚሄድ አንድ የአርማጭሆ ሰው ጉዳዬን ሰምቶ ሳቀ።

«ለሥዕል ዓይን ብለው ይሄን ሁሉ አቧራ ይጠጣሉ?»

«ለእውነት ብዬ ነው።»

«እንግዲያው እውነትዎን ይዘው ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ ጎኔን ጨረሱት!»

ገዳሪፍ

ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ንጉሡ፣ ሕዝቡ፣ ወታደሮቹ ሁሉ ባለ ሁለት ዓይን ናቸው። ባለ አንድ ዓይን ሹፌሩ ብቻ ነው።

«ሹፌሩ ምን አጠፋ?» አልኳት።

«መንገድ እያየ ነው፣ አባየ። ወደ እኛ ከዞረ ይገለብጣቸዋል።»

ወይዘሮ ዘነቡ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም፤ ወታደሮቹን እንድታስተካክል አዘዝኳት።

አልማዝ ብሩሹን ዘረጋችልኝ። «እኔ የሣልኩት ያን ጠዋት ነው፣ በኋላ የሆነውን አይደለም። ያን ጠዋት ማን ክፉ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር? ክፉውን እርስዎ ይለዩና አንድ ዓይኑን ያጥፉት።»

ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። በመኪናው በር አጠገብ ግንባረ ሰፊው፣ ፈገግ ያለው ወታደር ታናሽ ወንድሜ ተሰማ ነው። ያን ጊዜ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነበር፤ «አገር ተለወጠ» ብሎ ፈንድቋል። በኋላ የገዛ ጓዶቹ ረሸኑት። ስንሰደድ ፎቶው እንኳ አልተረፈንም፤ አልማዝ ግን በልጅነቷ ያየችውን ፊቱን አልረሳችም።

«የቱ ነው?» አለች ወይዘሮ ዘነቡ።

«ይሄ ወንድሜ ነው። እሱን ትቼ የሌሎቹን ዓይን ባጠፋ ለዘመዴ ማዳላት ይሆንብኛል። እነሱም ወንድም አላቸው።»

ወይዘሮ ዘነቡ ሥዕሉን ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኸች፦ «ምስማር አምጡ!»

ሥዕሉን የሰቀልኩት እኔው ሆንኩ።

ገላባት

ልቤ ቀልሎኝ ተመለስኩ። ሰው በመጨረሻ ሥራው ይፈረድበታል፤ ይህን ዛሬም አልለቅም። የመጀመሪያውን ቀን የሚሥል ሰው ግን የመጨረሻውን ከወዲያ ጎትቶ ማምጣት የለበትም፤ ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አስተካከለችው?»

«አላስተካከለችም። ተሰማ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ በሁለት ዓይኑ ያያል።»

ነጠላዋን ከገመድ ላይ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች።

«ሎሪው ወደ ገዳሪፍ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ።